በካይሮ አምስተኛ የወጡት



የንግግሬ አርእስት የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ታሪክ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፣ የክፍላችን ቡድን በተሸነፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ከእንግዲህ አንጫወትም» ሲሉ ስለ ሰማሁ ነው።

1954 ዓ.ም. ለአገራችን ስፖርት ታላቅ ዓመት ነበረ። በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ ወሰደ። ይህን ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በካይሮ ሲከፈት ኢትዮጵያ እንደ ተሰለፈች ስንቶቻችን እናውቃለን? ተወዳዳሪዎቹ አምስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ግብፅ አንደኛ፣ በመተማ በኩል የምትጎራበተን ሱዳን ሁለተኛ፣ ሞሮኮ ሦስተኛ፣ ጊኒ አራተኛ ሆኑ። እኛ አምስተኛ፣ ማለት የመጨረሻ ሆንን።

ግብፅ ያሸነፈችው በዕድል አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 የአውሮፓን ሻምፒዮና አሸንፋ ነበር፤ በ1950 ደግሞ ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገው በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተሰልፋለች። ስለዚህ ካይሮ ላይ የተገናኙት ብዙ የሠራና ገና የጀመረ ነበሩ።

ጨዋታው ራሱ የትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ1891 በአሜሪካ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ተማሪዎቹ በክረምት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ቢያጣ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ሰቅሎ 13 ደንቦች ጻፈ። በእኛ ደጋ የገናን ጨዋታ ለመጫወት ዱላ፣ እሩርና የታጨደ መስክ ይበቃል። ቅርጫት ኳስ ግን 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ደልዳላ ሜዳና 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ከፍታ ላይ የተሰቀለ ቀለበት ይፈልጋል። በተራራማው አገራችን ይህን የሚያገኝ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚያገኘው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

አሁን ደግሞ አንጎላን ተመልከቱ። የካይሮው ውድድር ሲደረግ ገና ነፃ አልወጣችም ነበር። ነፃነቷን በ1975 አገኘች፤ የመጀመሪያ ዋንጫዋን በ1989 ወሰደች፤ በ2025 በሉዋንዳ 12ኛዋን ጨመረች። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን መገኘት ክብር ቢሆንም፣ ዋንጫ የሚሰጠው ሳያቋርጥ ለሠራ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ አምስተኛ መውጣት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሜዳውን ጥሎ መሄድ ነው። ከመምህራኖቻችንም የምለምነው አንድ ነገር አለ። ከገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ታናናሾቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲለማመዱ ኳሱ ከዕቃ ቤት ይውጣላቸው። እኛ ከፍ ያልን ተማሪዎች ኃላፊነቱን ወስደን እናስተምራቸዋለን፤ ማታም ቆጥረን እንመልሳለን።