ኒክ ጆናስ እና ስኳር

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የ13 ዓመቱ ዘፋኝ ኒክ ጆናስ ውኃ አልጠግብ አለ፤ ሽንት ቤት ተመላለሰ፤ ከሳ፤ በትንሹም ይነጫነጭ ጀመር። ሲመረመር የደሙ ስኳር ከ700 በላይ ነበር። የጤናማ ሰው ግን ምግብ ሳይቀምስ ሲለካ ከ100 በታች ነው።

ሕመሙ አይነት አንድ የሚባለው ስኳር ነው። የሰውነት የመከላከል አቅም ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል። ያኔ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ልብ በሉልኝ፣ ይህ ከረሜላ በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ ወላጆች በከንቱ ራሳቸውን ሲወቅሱ መስማት ያሳዝነኛል።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

ልጁ ኢንሱሊኑን እየወሰደ ከወንድሞቹ ከኬቪንና ከጆ ጋር መዝፈኑን ቀጠለ። ስለ ሕመሙ የጻፈው ዘፈን «ኤ ሊትል ቢት ሎንገር» የ2008 አልበማቸው መጠሪያ ሆነ፤ አልበሙም በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ወንድማማቾቹ በ2013 በሙዚቃ ተለያዩ። በ2019 «ሰከር» በተሰኘው ዘፈን ተመልሰው አንደኛነቱን ያዙ።

በመካከሉ፣ በ2015፣ ኒክ ከሌሎች ጋር ሆኖ «ቢዮንድ ታይፕ ዋን» የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ታማሚዎችን ያገናኛል፤ ምልክቶቹ ቶሎ እንዲታወቁም ያስተምራል። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ምልክቱ ተራ ሕመም መስሎ የታለፈበት ሕፃን በአጭር ጊዜ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላልና።

ልጅዎ ውኃ ውኃ ካለ፣ ከከሳ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደው ስኳሩን ያስለኩ። ለመለካት ከጣት የምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ትበቃለች።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)