«ሌሎችም» የተባሉት እነማን ናቸው?

ተኩስ እንዲቆም ከሌሎች ቤተ እምነቶች ጋር በአንድነት ስለ መጠየቅ

(ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ስለ ሰላም እንዲጸልይ የሚያሳስበው ዲያቆኑ ነው። እኔም ይህን አገልግሎት ስፈጽም ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ጸሎቱን ከነጠላችን ጋር አጥፈን የምናስቀምጠው እየመሰለኝ የምጨነቅበት ጊዜ አለ። ዛሬም በአገራችን የተኩስ ድምፅ የሚሰማባቸው አጥቢያዎች አሉ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ወገናችሁን ቀብራችሁ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ በጦርነት ውስጥ ያለ አጥቢያ ተኩስ እንዲቆም ለመጠየቅ ከሌላ እምነት ጎረቤቶቹ ጋር እንዴት ሊቆም ይችላል?

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግጭት በነበረበት አንድ ከተማ፣ የሃይማኖት አባቶች በጋራ የሚፈርሙበትን የሰላም ጥሪ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ሌሊቱን ተቀምጬ ጻፍኩት። ጉዳት የደረሰባቸውን አብያተ ክርስቲያናት በስም ዘረዘርኩ፤ በመጨረሻም «ሌሎችም ወገኖች ተጎድተዋል» የሚል ሐረግ ጨመርኩ። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ አንድ የመስጊድ ሽማግሌ ሄድኩ። ሐጂው በትዕግሥት እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ዲያቆን፣ ልጄን የቀበርኩት ባለፈው ወር ነው። ‹ሌሎችም› የተባለው እርሱ ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ቡና አስፈልተው በክብር ሸኙኝ፤ ወረቀቱ ግን ሳይፈረም ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰውን የጠራሁት አብሮኝ እንዲያስብ ሳይሆን የእኔን ሐሳብ እንዲያጸድቅልኝ ነበርና።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ይህን ሥራ በተሻለ መንገድ የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ እጠይቅ ጀመር። ብዙ ያስተማረኝ የሰሜን ዩጋንዳው የአቾሊ ሕዝብ ታሪክ ነው። በዚያ ምድር በጆሴፍ ኮኒ የሚመራው የአማፅያን ጦርና የመንግሥት ሠራዊት ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተዋጉ። ጦርነቱ በከፋበት ወቅት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ በመጠለያ ሰፈሮች ተከማችቶ ነበር። አማፅያኑ ልጆችን እያፈኑ ይወስዱና መሣሪያ ያስይዟቸው ነበር። ስለዚህ ለአቾሊ እናት ጠላት ተብሎ ከጫካ የሚተኩሰው ታጣቂ የገዛ ልጇ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መከራ መካከል እ.ኤ.አ. በ1998 የአቾሊ የሃይማኖት መሪዎች የሰላም ኅብረት በይፋ ተቋቋመ። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ጆን ባፕቲስት ኦዳማ፣ የአንግሊካኑ ጳጳስ ማክሊዮድ ቤከር ኦቾላ፣ የሙስሊሞቹ ቃዲ ሼኽ ሙሳ ኸሊል ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። በእስክንድርያ የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሥር ያለችው የዩጋንዳ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በካህኗ በኩል አባል ነበረች። ጳጳስ ኦቾላ ባለቤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1997 በፈንጂ ያጡ ሰው ናቸው። ለበቀል ምክንያት ያላቸው እርሳቸው ለምሕረት ቆሙ።

እነዚህ አባቶች ስለ ሃይማኖት ልዩነታቸው አልተከራከሩም፤ ልዩነት የለንም ብለውም አላስመሰሉም። የተስማሙበት ጉዳይ ጠባብ ነበር፤ ተኩሱ ይቁም፣ ልጆቹም በሕይወት ወደ ቤታቸው ይመለሱ የሚል ነው። መሣሪያውን አስቀምጦ ለሚመለስ ሁሉ ምሕረት እንዲደረግ ወተወቱ፤ የዩጋንዳ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ2000 የምሕረት ዐዋጅ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የመጠለያ ሰፈሮቹን ስቃይ የሚገልጽ «ሕዝቤን ልቀቅ» የተሰኘ ዘገባ ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። ከመግለጫ በፊት የሰውን ጉዳት በጋራ መመዝገባቸውን ልብ በሉ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። አማፅያኑ እንዳያፍኗቸው በመፍራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በየምሽቱ ከየመንደሩ እየተነሡ ወደ ጉሉና ወደ ሌሎች ከተሞች በእግራቸው ይጓዙ፣ በየበረንዳውም ያድሩ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ፣ ጳጳሱና ቃዲው ከልጆቹ ጋር አራት ሌሊት በጉሉ ጎዳና አደሩ። ዓለም ስለ ሰሜን ዩጋንዳ ልጆች እንዲሰማ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። መንግሥት የአማፅያን ደጋፊ ናችሁ አላቸው፤ አማፅያኑም አላመኗቸውም። ከአንድ ቤተ እምነት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለው ስም በቀላሉ በተለጠፈባቸው ነበር። ካቶሊኩ፣ አንግሊካኑ፣ ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ አንድ ቃል ሲናገሩ ግን ነገሩ የአንድ ወገን ሴራ ነው ማለት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 2006 በጁባ ግጭት የማቆም ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱን ያመጡት የሃይማኖት መሪዎች ብቻ ናቸው ብል እውነትን አጋንናለሁ፤ አደራዳሪው የያኔው የደቡብ ሱዳን አስተዳደር ነበር። ኮኒም የመጨረሻውን የሰላም ውል እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይፈርም ቀረ፤ ጦሩም በጎረቤት አገሮች መግደሉን ቀጠለ። ነገር ግን በሰሜን ዩጋንዳ ተኩሱ ጋብ ሲል ሕዝቡ ከመጠለያ እየወጣ ወደ እርሻው ተመለሰ። ተኩስ አቁም ሙሉ ሰላም አይደለም፤ ሙሉ ሰላም እስኪመጣ ድረስ ግን ሰው በሕይወት እንዲቆይ ያደርጋል።

ክቡራን አባቶች፤ ከእናንተ መካከል «ይህ ሃይማኖትን መቀላቀል አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ያላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፤ ሐጂው በመስጊዳቸው ይሰግዳሉ፣ እኛም በመቅደሳችን እንቀድሳለን። የጋራችን የሆነው ስለ ሰው ሕይወት የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። በዕድርና በሽምግልና ከሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን ጋር ስንቀመጥ ሃይማኖታችን እንዳልተቀላቀለ ሁሉ በዚህም አይቀላቀልም።

ሌላውም ጥያቄ ከባድ ነው፤ «የበደለን ሳይጠየቅ እንዴት ተኩስ ይቁም እንላለን?» ይላሉ። ፍትሕ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ጥይቱ እየጮኸ ምስክር አይሰማም፤ መረጃም አይሰበሰብም። ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ካልተስማማን አብረን አንቆምም ብንል፣ እስክንስማማ ድረስ የሚቀበሩት ይበዛሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሦስት ነገሮችን እንዲያደርግ በትሕትና እጠይቃለሁ። መጀመሪያ፣ ወረቀት ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ጎረቤት እምነት ሽማግሌዎች ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱ፤ የሞቱባቸውንም በስም ጠይቁ። ቀጥሎም፣ የጋራ ጥያቄያችሁን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጻፉ፤ ሁሉም ሊሸከመው የሚችል አጭር ይሁን፤ ለሚታኰሱት ወገኖች ሁሉ በአንድ ቃል ይድረስ። በሦስተኛም፣ የእኛ ነው የምንለው ወገን ሲተኩስ ዝም አትበሉ። ጥምረት የሚፈተነውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነውና። እናቶችንም አትርሱ፤ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ታፈነ ከእኛ በፊት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ወደ ሐጂው ቤት ከወራት በኋላ ተመልሼ ሄጃለሁ። ያን ጊዜ የያዝኩት ባዶ ደብተር ብቻ ነበር። የልጃቸውን ስም ነገሩኝ፤ ጻፍኩት። እርሳቸውም የእኛን ሙታን ስም ጠየቁኝ። ሥራችን የተጀመረው ከዚያ ገጽ ነው።

በሚመጣው እሑድ ዲያቆኑ ስለ ሰላም እንድትጸልዩ ሲያሳስባችሁ፣ ከጎረቤቶቻችሁ የአንዱን ሟች ስም በልባችሁ ያዙ። ሰኞም ወደዚያ ቤት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።