ከአሸዋው በፊት ጌጁ

አቅራቢዋ፦ ወደ ዳናኪል የሚወርድ ሾፌር አሸዋው ጋ ሲደርስ የጎማውን ንፋስ ይቀንሳል። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የነበረው ወደ 15 ገደማ ይወርድና ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። ግን ጌጁ ራሱ ቢሳሳትስ?

አቅራቢው፦ ትልቁ ችግር እሱ ነው። ለጭነት መኪና የሚሆን፣ እስከ 160 የሚለካ ጌጅ ያዝክ እንበል። ስህተቱ ከሙሉ ልኬቱ 2 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ያዛባል። 15 ብለህ ያነበብከው 12 ሊሆን ይችላል።

አቅራቢዋ፦ በዚያ ላይ በፍጥነት ከታጠፈ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል፤ ያውም ጎሚስታ በሌለበት በረሃ! ታዲያ የትኛው ይገዛ?

አቅራቢው፦ ከ0 እስከ 30 የሚለካ። ባለ መርፌ ጌጅ ይበልጥ የሚታመነው በልኬቱ መሃል አካባቢ ነው፤ 15 ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ይውላል። ውስጡ ያለው የነሐስ ቱቦ ስስ ነው፣ ከወደቀ ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ ዙሪያውን ላስቲክ የለበሰ ይሁን። ከቫልቩ ሳይነቀል ንፋስ የሚያስወጣ ቁልፍ ካለውማ ሥራው ይቀላል።

አቅራቢዋ፦ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካ፤ የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ጌጁም ከክሪክና ከመፍቻ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይወርወር።

አቅራቢው፦ ከጉዞ በፊትም ከሌላ አስተማማኝ ጌጅ ጋር ይመሳከር። አስፋልት ሲደረስ ደግሞ ንፋሱ ሳይሞላ ፍጥነት አይጨመር፤ የተሳፋሪው ሕይወት በሾፌሩ እጅ ነውና።