ለአዲሱ ማሽን ቦታ ከየት ይምጣ?
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ትናንት ማታ እራት ላይ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ገንዘብ አዋጥተን ለተቋማችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የሚሠራ ሰርቨር እንግዛ የሚል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የራጅ ምስል ላይ የሚመራመር ሐኪም የታካሚዎቹን ምስል ባሕር ማዶ ልኮ እንዲያስተነትን አንፈልግም። ግን እንደ ሙያዬ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የት ልናስቀምጠው ነው?

ጥያቄው ከራሴ ጥፋት የመጣ ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ስሠራ አራት ጂፒዩ ያለው ማሽን ተገዝቶ መጣ። ራኩ ላይ ባዶ ቦታ አየሁና አስገባሁት። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምንም አልነበረም። ሥልጠናው ሲጀመር ግን ብሬከሩ ወረደ፤ በዚያው መስመር ላይ የነበሩት የመዝገብ ሰርቨሮችም አብረው ጠፉ። ባለጉዳዩ ደጅ ተሰልፎ፣ እኔ በእጅ ባትሪ ገመድ ስፈልግ! የራክ ባዶነት የኃይል መኖር እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ቁጥሩን እንየው። ስምንት ኤች100 ጂፒዩ የያዘ የኤንቪዲያ ሰርቨር ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 10.2 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ባለ 220 ቮልት፣ 32 አምፔር መስመር የሚሰጠው 7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ እሰየው። የእኛ ክፍል ግን የሚያገኘው ትራንስፎርመሩና ብሬከሩ የሚፈቅዱለትን ያህል ብቻ ነው። ደግሞ የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዶ፣ በር ዘግቶ፣ ቀንና ሌሊት እንደመተው ቁጠሩት።

እዚህ ላይ የጎንደር ከፍታ ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያው ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ 35 ዲግሪ እችላለሁ የሚል ሰርቨር እዚህ ሲደርስ 31 ገደማ ላይ ያቆማል። ጀነሬተሩም ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። በሌላ በኩል ብርዳችን ሀብት ነው። የደባርቅ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ከ2,800 ሜትር በላይ የሌሊቱን አየር አቧራውን አጣርቶ የሚያስገባ ሰው ለማቀዝቀዣ ብዙ አይከፍልም። እዚህ ከተማው ውስጥም ከመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት በስተቀር ሌሊቱ ይረዳናል።

ታዲያ ቦታው ከየት ይምጣ? ካለው ክፍል። ማንም የማይጠቀምባቸው ግን ሲበሩ የሚያድሩ ሰርቨሮች የሌሉበት ክፍል እስካሁን አልገጠመኝም። ባለቤታቸው ሥራ ለቅቋል፣ ለማጥፋት ግን ሁሉም ይፈራል። እነሱን ማጥፋት፣ አምስት አሮጌ ማሽን ላይ የተበተነውን ሥራ አንድ ላይ መሰብሰብ፣ የራኩን ክፍተት ሸፍኖ ሞቃቱ አየር ወደ ፊት እንዳይመለስ ማድረግ፤ ይሄ ዶላር አይጠይቅም። ጂፒዩውም ይገደባል፤ 700 ዋት የሚበላውን በትእዛዝ ዝቅ ስታደርጉት ፍጥነቱ በዚያው ልክ አይወርድም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን መስመሩ ለብቻው እንዲሆን ነው። ሥልጠና እየሠራ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ በየሰዓቱ ውጤቱን እያስቀመጠ ከሆነ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የታካሚ መዝገብ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ በዩፒኤሱና በጀነሬተሩ ላይ የሚሻማ እንዳይሆን፤ ኃይል ሲያንስ ቀድሞ የሚጠፋው አዲሱ ማሽን ይሁን፤ ከባዱ ሥራውም ቢሮዎች ሲዘጉ ማታ ይጀምር። ስጦታ አምጥቶ ባለቤቱን ከቤቱ ማስወጣት የለም።

የመዋጮው ኮሚቴ ነገ ጠዋት ይሰበሰባል ተብሏል። የማሽኑን ዋጋ ከመወሰናችሁ በፊት ከመዋጮው ላይ ለአዲስ መስመርና ለብሬከር የሚሆን ቀንሱልኝ። ከቻላችሁም የክፍሉን ጭነት ለአንድ ሳምንት እንለካ። አምፔር መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የክፍሉን ቁልፍ የያዘ ካለ ከሻይ በኋላ ያግኘኝ።