የአያት መንዙማ በልጅ ልጅ እጅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን መንዙማ ገጥመውና ዜማ አውጥተው ስላለፉ አያቶች፣ ይልቁንም በየቤታችን ትተውት ስለሄዱት አደራ እናወጋለን።

በወሎ ምድር መንዙማ ለሞቅታ ብቻ የሚባል አልነበረም። ኪታብ መቅራት ላልቻለው ገበሬ፣ ለእረኛውና ለባልቴቷ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክና የአኺራን ነገር ያደረሰው እርሱ ነው። ለዚህ ሼኽ ጦልሐ ጀዕፈርን ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1878 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ባስገደዱ ጊዜ ከተቃወሙት ዑለማዎች አንዱ ነበሩ። ታላቅ ዓሊም ሆነው ሳለ ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ መንዙማ ገጥመዋል።

እነዚህ ግጥሞች የተጻፉት በዐጀሚ ነው፤ አማርኛው በዐረብኛ ፊደል ማለት ነው። ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዐረብኛ የአናባቢ ምልክቶች ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ሦስት ሲሆኑ የአማርኛ ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ነው። ጨ፣ ኘ፣ ጰ የሚሉት ድምፆችም በዐረብኛ የሉም፤ ጸሐፊው ነጥብ ጨምሮ ወይም ተቀራራቢ ፊደል ወስዶ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ቁርኣን ያኸተመ የልጅ ልጅ እንኳ የአያቱን ደብተር ገልጦ ሊደናገር ይችላል። ቃሉን የሚፈታለት ከአያት አፍ የሰማ ሰው ነው። ዜማውማ ጭራሽ ወረቀት ላይ የለም! የቱ ጋ እንደሚረዝም፣ ተቀባዩ የት እንደሚገባ፣ ድቤው መቼ እንደሚመታ የሚታወቀው በጆሮ ነው።

ድቤን በተመለከተ በዑለማዎቻችን መካከል የአመለካከት ልዩነት እንዳለ እናውቃለን፤ የዛሬ ርዕሳችን ስላልሆነ እናልፈዋለን። መንዙማ የማይወድ ቤተሰብ ቢሆንስ ኪታቡን ማቃጠል ወይም ለመንገድ ገዢ መሸጥ ምን ይጠቅመዋል? ሌላው ደግሞ ለበረካ ብሎ በሳጥን ይቆልፍበታል። ማክበሩ መልካም ነው፤ አይጥና እርጥበት ግን ክብር አያውቁም።

እናም ከአያት ጋር በሐድራ ይቀበሉ የነበሩ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በሕይወት ካሉ፣ ኪታቡን ከፊታቸው ዘርግተን እያዜሙ በሞባይል እንቅዳቸው። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሳ። የገጣሚው ስም፣ አገሩና ዜማው ከማን እንደተወሰደ በቅጂው መጀመሪያ ላይ በአፍ ይነገር፤ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲባዛ የገጣሚው ስም ቀርቶ ያዜመው ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነውና። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ። ማስቀመጫ የቸገረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊያማክር ይችላል፤ በዚያ የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎች ይጠበቃሉ።

ሽማግሌው ከደከማቸው በቀን አንድ መንዙማ ይበቃል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።