ለታመመ ሰው የምንወስደው ምሳ

ሳንሱሲ ውስጥ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር



ይህች ሳንሱሲ የምንላት ሠፈር በአምቦ መንገድ ላይ፣ በአዲስ አበባ ጫፍ የምትገኝ ናት። ከሆለታና ከአዲስ ዓለም ወደ ከተማው ሆስፒታል በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው በዚህ ያልፋል። በፈረንሳይኛ «ሳን ሱሲ» ማለት ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት ማለት ነው። በሽተኛ የያዘ ሰው ግን ጭንቀቱን ይዞ ነው የሚያልፈው። በአንድ እጁ በሽተኛውን ይደግፋል፤ በሌላው ምግብ የቋጠረበትን ዘንቢል ያንጠለጥላል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ዘንቢል ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። በአንድ ሆስፒታል ስሠራ ሁለት በሽተኞች ነበሩ። አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው የገጠር አባት ናቸው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70፣ ክብደታቸው 41 ኪሎ ብቻ ነበር። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ያያቸው ሁሉ ስላዘነላቸው ወተቱም እንቁላሉም ወደ እርሳቸው ይሄድ ነበር።

ሁለተኛዋ አንጀቷን ቀዶ ጥገና የተደረገላት እናት ናት። ቤተሰቦቿ መሬታቸው ወደ ከተማ ስለ ተካለለ ሞፈር ቀንበር የሰቀሉ ገበሬዎች ናቸው። እንደ ድሮው ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ አረም ማረም የለም። ዳቦው፣ ፓስታው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ግን አለ። ስትገባ 92 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። ምግብ አስጠላኝ ብላ ሳህኑን ስትመልስ ማንም አልደነገጠም። «ግድ የለም፣ ስንቋ በሰውነቷ ላይ ነው» ተባለ። እኔም ብዬአለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ የመዘናት ሰው አልነበረም። ቁስሏ አልገጥም ብሎ ሲከፈት ነው ሚዛን ላይ ያወጣናት። 80 ኪሎ ሆናለች። ለዓይን ገና ወፍራም ናት። ነገር ግን 12 ኪሎ ሄዷል፤ የሄደውም ስብ ብቻ አልነበረም።

ታዲያ ወፍራም ሰው እንዴት ይራባል? ስብና ሥጋ አንድ አይደሉም። ስብ በጎተራ እንደ ተቀመጠ እህል ነው። ሥጋ ግን ቤቱን የተሸከመው ምሰሶ ነው። ጤነኛ ሰው ሲጾም ሰውነቱ አብዛኛውን የሚወስደው ከጎተራው ነው። ትኩሳት፣ ቁስልና ቀዶ ጥገና ሲመጣ ግን ሰውነት ጎተራው ሞልቶ ሳለ ምሰሶውንም እየፈለጠ ያነድዳል። ያን ጊዜ ቁስል አይገጥምም፣ ሳል አይወጣም፣ ጀርባ በመተኛት ይቆስላል። ከሲታው ሰው ላይ ይህ ይታያል። ወፍራሙ ላይ ግን ስቡ ይሸፍነዋል።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ የኛም ብቻ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባለው እንግሊዛዊት ነርስ በ1859 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው መጽሐፍ፣ ብዙ ሺህ በሽተኞች ምግብ ሞልቶ ሳለ እንደሚራቡ ጽፋለች። በኛም አገር ክሳትና ውፍረት ጎን ለጎን አሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ 100 ሴቶች 22ቱ ከልክ በታች የከሱ፣ 8ቱ ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ። በከተማ ወፍራሞቹ ይበዛሉ።

ልኩ እንዴት ይታወቃል? ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው ከ47 ኪሎ በታች ከሆነ ከስቷል። ከ64 በላይ ከሆነ ወፍሯል። ከ77 ካለፈ ውፍረቱ ራሱ በሽታ ነው፤ ስኳርና ደም ብዛት ይከተሉታል። እኛ ሰው ሲወፍር «ተመቸህ» እንላለን፤ ለልጆች የሚዘጋጀውን ምግብ እንኳ «ፋፋ» ብለነዋል። ሁሉም መወፈር ግን መፋፋት አይደለም።

ለበሽተኛ ከዚህ የሚበልጥ ምልክት አለ። በስድስት ወር ውስጥ ሳይፈልግ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያጣ ሰው፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ተጎድቷል። 60 ኪሎ የነበረው 54፣ 90 የነበረው 81 ከሆነ ማለት ነው። እናንተ አሁን ቁጥር ታነባላችሁ። ካርዱን ተቀብላችሁ ኪሎው ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ «እባክዎ ይመዘንልን» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም። እግሩ ካበጠ ግን ሚዛን ያታልላል፤ ውኃው ይመዝናልና። እግሩን በአውራ ጣት ስትጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ ለሐኪሙ ንገሩ።

አሁን ወደ ዘንቢሉ። ለበሽተኛ ለስላሳና ብስኩት መውሰድ ልማድ ሆኗል። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ጉዳት ነው፤ ለሌላውም ሥጋ አይተካም። እንቁላል፣ ወተት፣ የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ የአጃ አጥሚት ይሻላል። ጥቂት በጥቂት፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሁን። ወፍራሟንም ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አታስርቧት፤ የመክሳቱ ጉዳይ ከዳነች በኋላ ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። ጾም ቢሆን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እስልምናም ቢሆን ለታመመ ሰው ፈቅዷል።

አንድ ነገር ግን እንዳትስቱ። ብዙ ቀን ያልበላን ሰው ባንድ ጊዜ ጥሬ ሥጋና ዶሮ ወጥ አታጥግቡት። በደሙ ያሉት ማዕድናት ድንገት ይወርዱና ልቡ ሊቆም ይችላል። በ1937 ዓ.ም. አውሮፓ ውስጥ ከናዚዎች እስር ቤት ነፃ ከወጡት ርሃብተኞች ከመጠን በላይ በልተው የሞቱ ነበሩ። እኚያ 41 ኪሎ የነበሩት አባት ዘመዶቻቸው ክትፎ ይዘው ሲመጡ አስመለስነው፤ ተቀይመውን ነበር። በሐኪም ትእዛዝ በወተት ጀምረው በሦስተኛው ወር 50 ገቡ። የእናቲቱም ቁስል በእንቁላልና በምስር ቆይቶ ገጠመ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ሚዛኑ እዚያ በሩ አጠገብ ነው፤ መመዘን የሚፈልግ ጫማውንና ጋቢውን አውልቆ ይውጣበት።