ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለምንወዳቸው የአሜሪካ ሶል አልበሞች ጥቂት እንድንናገር ሲጠይቀን፣ «ባለሱቅ ስለ በርበሬ ይጠየቃል እንጂ ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል?» ብለን ነበር። ነገር ግን እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ካለችው ሱቃችን ጀርባ፣ የሽሮና የበርበሬ ጆንያ በተደረደረባት ክፍል፣ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ሙዚቃ ስናዳምጥ ብዙ ዓመት ሆኖናል። ዛሬ የምንናገረውም በዚያች ክፍል ታዳሚዎች ስም ነው።

ሶል ለእኛ ባዕድ አይደለም። ታላላቆቻችን ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ሲሉት እየሰማን አድገናል። እኛ ግን አስበልጠን የምንወደው ከሜምፊስ ከተማ የወጣውን ነው። እሱም እንደኛው ከሱቅ ጀርባ የተሠራ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂም ስቱዋርት የሚባል የባንክ ሠራተኛ ሙዚቃ ለመቅረጽ ሲነሳ፣ እህቱ ወይዘሮ ኤስቴል አክስተን ቤቷን አስይዛ ለመቅረጫ መሣሪያው ገንዘብ አገኘችለት። አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ስቱዲዮ አደረጉት። ኩባንያው ኋላ ስታክስ ተባለ። ወይዘሮ ኤስቴልም ከፊት ለፊት፣ ከረሜላ ይሸጥበት በነበረው ቦታ፣ የሸክላ ሱቅ ከፈተች። የሰፈሩ ልጆች ምን እንደሚገዙ፣ በምን እንደሚጨፍሩ እያየች ከኋላ ላሉት ትነግራቸው ነበር። ደንበኛን ማወቅ ማለት ይህ ነው!

ከኋላ ደግሞ ቡከር ቲ. ጆንስ ኦርጋን፣ አል ጃክሰን ድራም፣ ስቲቭ ክሮፐር ጊታር፣ ዶናልድ ደን ቤዝ ይጫወታሉ። ሁለቱ ጥቁሮች፣ ሁለቱ ነጮች ናቸው። ከተማው በዘር ተከፋፍሎ፣ አብሮ ምግብ ቤት መግባት እንኳ ችግር በነበረበት ዘመን አንድ ላይ ተቀመጡ።

የኦቲስ ሬዲንግ «ኦቲስ ብሉ» አብዛኛው እዚያው ክፍል ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 በአንድ ቀንና ሌሊት ተቀረጸ። ሙዚቀኞቹ በመሀል ወደ ማታ ሥራቸው ሄደው፣ ተመልሰው ነው የጨረሱት። ሦስቱ ዘፈኖች ከጥቂት ወራት በፊት የሞተው የሳም ኩክ ናቸው። ኦቲስ ራሱም በ1967 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ከዚያው አልበም «ሪስፔክት»ን አሬታ ፍራንክሊን ወስዳ በ1967 በወጣው አልበሟ መክፈቻ ላይ የራሷ አደረገችው። የዚያ አልበም ሥራ አላባማ ውስጥ ሲጀመር ጠብ ተነስቶ፣ አንድ ዘፈን ብቻ አልቆ ሁሉም ተበተነ። ሆኖም ሙዚቀኞቹ ኒው ዮርክ ድረስ ተጠርተው ሥራው ተፈጸመ። ተጣሉ፣ ግን አልተዉትም።

ለሠራተኛ ሰው ደግሞ የቢል ዊዘርስን «ጀስት አዝ አይ አም» እንመርጣለን። በ1971 ሲወጣ ቢል የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሽፋኑ ላይ የምሳ ዕቃውን ይዞ ከሥራ ቦታው ቆሞ ይታያል። አልበሙን ያዘጋጀለት ያው የሜምፊሱ ቡከር ቲ. ነው።

ያቺ ክፍል ግን አልዘለቀችም። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያው ሜምፊስ ሲገደሉ፣ በሰዎቹ መካከል የነበረው መተማመን ቀዘቀዘ። ኩባንያው በ1975 ማብቂያ ከስሮ ተዘጋ፣ ሕንፃውም በ1989 ፈረሰ። ቦታው ላይ በ2003 ሙዚየም ቆመ።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ የእኛም ክፍል ቀዘቀዘች። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኦቲስን ያዳመጡ ሁለት ወንድሞቻችን በአንድ ምሽት ንግግር ተቀያየሙና ሁለቱም ቀሩ። እኛም ሁለቱን ማስታረቅ ሲገባን፣ ገበያው እንዳይጎዳብን ፈርተን ዝም አልን። ዛሬ በዚህ በዓል ፊት ጥፋታችንን እናምናለን።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አንደኛው ሽሮ ሊገዛ መጥቶ፣ ከኋላ የኦቲስን ድምፅ ሲሰማ ዘፈኑ እስኪያልቅ በራፉ ላይ ቆመ። ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ፣ «ያኛው ይመጣል?» ብሎ ጠየቀን። ሁለታችሁም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። ወንበሮቻችሁ እንዳሉ ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ ቡናው በ12 ሰዓት ይፈላል፣ ሸክላውን የሚመርጠው ቀድሞ የመጣው ነው።